ሳሙናውን ከእድፉ መለየት፦ የከርሰ ምድር ውኃን የማጽዳት ጥበብ

ከጋምቤላ ከተማ ብዙም ሳይርቅ የሚገኘው የጀዊ የስደተኞች መጠለያ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ2015 ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2014 ጎርፍ ካጥለቀለቀው የሌይቹር መጠለያ የተዛወሩ ደቡብ ሱዳናውያንን ተቀብሏል። ብዙ ሕዝብ ባንድ ጊዜ በሚሰፍርበት እንዲህ ባለ ቦታ ጉድጓድ ቆፍሮ ውኃውን በናፍጣ ሞተር መሳብ የተለመደ ዘዴ ነው። ታዲያ ነዳጁ ፈስሶ ወደ መሬት ቢሰርግ ምን ይከተላል? በጀዊ ይህ ደርሷል ማለታችን አይደለም፤ አስቀድሞ ሊታሰብበት ይገባል ማለታችን እንጂ።

ነዳጅ ከውኃ ጋር አይዋሃድም። በአሸዋና በአፈር ቅንጣቶች መካከል ባሉ ጠባብ ክፍተቶች ውስጥ ጠብታ ጠብታ ሆኖ ይያዝና ጥቂት በጥቂት እየሟሟ ውኃውን ይበክላል። ውኃውን ብቻ እየሳቡ ማጣራት አሥርት ዓመታት ሊፈጅ የሚችለውም በዚህ ምክንያት ነው።

ሳይንስ ለዚህ ችግር የሳሙናን ጠባይ ይጠቀማል። ሰርፋክታንት የሚባሉት ንጥረ ነገሮች የሞለኪውላቸው አንዱ ጫፍ ውኃ ወዳድ፣ ሌላው ዘይት ወዳድ ነው። በውኃ ውስጥ መጠናቸው ከተወሰነ ደረጃ ሲያልፍ ዘይት ወዳዱን ጫፍ ወደ ውስጥ አድርገው ይሰባሰባሉ፤ ይህ ስብስብ ሚሴል ይባላል። በካዩ በሚሴሉ ውስጥ ተሸሽጎ ከውኃው ጋር ወደ ላይ ይሳባል።

ሆኖም ሰርፋክታንት ዋጋው ከፍተኛ ነው፤ ከርሰ ምድር ውስጥ እንዲቀርም አይፈለግም። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 በዓድዋ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ሥፍራ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው ማግኘታቸው ይታወሳል። ቢልሃርዚያን ለመከላከል ተስፋ የሆነው ይኸው የእንዶድ አረፋ፣ የሚያነጻ ሁሉ ለሕያዋን ጉዳት አልባ እንዳልሆነ ያስተምረናል።

ስለዚህ የተሳበው ድብልቅ ሁለት ደረጃ ያልፋል። በመጀመሪያ በካዩ በቀላሉ የሚተን ከሆነ በስስ ሜምብሬን አማካይነት በእንፋሎት መልክ ይወጣል። አየር በመንፋት ብቻ ማስወጣት አስቸጋሪ ነው፤ ድብልቁ አረፋ ይደፍቃል፣ ሚሴሉም በካዩን አጥብቆ ይይዛል። ቀጥሎ ውኃው በእጅግ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ሲጣራ፣ ትልልቆቹ ሚሴሎች ይቀራሉ፤ ሰርፋክታንቱም ተከማችቶ ዳግም ወደ መሬት ይላካል። እ.ኤ.አ. በ1999 በአሜሪካ ሰሜን ካሮላይና፣ በካምፕ ልጁን ወታደራዊ ሰፈር፣ የላውንድሪ ኬሚካል የበከለው መሬት በዚህ ዘዴ ሲታጠብ ሰርፋክታንቱ ተመልሶ በሥራ ላይ ውሏል።

ናፍጣ ግን በቀላሉ ስለማይተን ይህ የመጀመሪያው ደረጃ አይበቃውም፤ በሌላ ማሟሚያ መጭመቅን ይጠይቃል፤ ይህም ወጪውን ያንረዋል። ስለሆነም ርካሹ ጽዳት አስቀድሞ መከላከል ነው፦ የነዳጅ በርሜልን ከጉድጓድ አርቆ፣ ዙሪያው ከፍ ባለ የሲሚንቶ ወለል ላይ ማኖር።