ልብስ አይደለም የጎደላት

እ.ኤ.አ. በ1981 የወጣውን የጄምስ ቦንድ ፊልም፣ «ፎር ዩር አይስ ኦንሊ»፣ ፖስተር የሞሉት የአንዲት ሴት እግሮች ናቸው። ጀርባዋን ሰጥታ ቆማለች፤ በእጇ ቀስት ይዛለች፤ ከወገቧ በላይ ግን የለችም። ቦንድ በእግሮቿ መሀል ራቅ ብሎ፣ ፊቱን ወደኛ አዙሮ፣ ሽጉጡን ይዟል። ፖስተሩ አሜሪካ ውስጥ ጋዜጦችን አስቸገረ። ቦስተን ግሎብና ሎስ አንጀለስ ታይምስ ከጉልበቷ በላይ ያለውን ቆርጠው አስቀሩት። ፒትስበርግ ፕሬስ ቁምጣ ሣለላት።

እንጀራዬ የፊልም ፖስተር መሥራት ስለሆነ ስለዚህ ነገር ከብዙ ሰው ጋር አወራለሁ። አብዛኛው ሰው መፍትሔው ያ ቁምጣ ይመስለዋል፤ «ትሸፈን፣ አለቀ» ይላል። እኔ አልስማማም። ሴትየዋ ቁምጣውን ለብሳም ፊት የላትም።

ፊት ከሌላት ደግሞ ማንም ብትሆን ለውጥ የለውም። በ1967ቱ «ዘ ግራጁዌት» ፖስተር ላይ የተዘረጋው እግር የተዋናይቷ የአን ባንክሮፍት አይደለም። በኋላ በ«ዳላስ» ተከታታይ ድራማ ዝነኛ የሆነችው ሊንዳ ግሬይ፣ ያኔ ሞዴል ሳለች በ25 ዶላር ፎቶ የተነሣው እግር የራሷ መሆኑን ተናግራለች። በ2016 አሜሪካዊቷ ኮሜዲያን ማርሺያ ቤልስኪ እንዲህ ያሉ ፖስተሮችን «ጭንቅላት አልባዎቹ የሆሊውድ ሴቶች» በሚል ርዕስ ሰብስባ ማሳየት ጀመረች። እዚህ ዳሌ ብቻ፣ እዚያ እግር ብቻ። ጎን ለጎን ሲደረደሩ አጋጣሚ ነው ብሎ ማለፍ አይቻልም።

ፖስተርን እንደገና መሥራት የሚጠቅመውም ለዚህ ነው፤ የለመደውን ዓይን ያነቃል። ካርቱኒስቱ ኬቪን ቦልክ የ2012ቱን ፊልም የ«አቬንጀርስ»ን ማስታወቂያ ወሰደና ሴቷ ጀግና ብላክ ዊዶው የቆመችበትን አቋቋም፣ ወገብ ተጠማዞ መቀመጫ ወደ ተመልካች የዞረበትን፣ ለወንዶቹ ጀግኖች ሰጣቸው። ሰው ሣቀ። የሣቀበት ነገር በእሷ ላይ ሲሆን ግን ስንቱ ሳያስተውለው አልፏል!

እኔም ለልምምድ የ1977ቱን «ስታር ዋርስ» ፖስተር እንደገና ሠርቼዋለሁ። ቶም ጁንግ በሣለው ፖስተር ላይ ልዕልት ሊያ ደረቷ ተከፍቶ፣ እግሯ እስከ ጭኗ ተራቁቶ ከጀግናው ከሉክ ዝቅ ብላ ቆማለች። ፊልሙ ውስጥ ግን ነጩ ቀሚሷ ከአንገቷ እስከ እግሯ ይሸፍናታል። ሊያድኗት የመጡት ወንዶች መውጫ ሲያጡ ከሉክ እጅ መሣሪያውን ነጥቃ፣ ተኩሳ መንገድ የከፈተችውም እሷ ናት። መጀመሪያ ቀሚሷን መለስኩላት። ብዙም ለውጥ አላመጣም፤ አሁንም የሉክ ጌጥ ናት። ከዚያ ከፍ አድርጌ ትከሻዋን ከትከሻው እኩል አደረግሁ፤ ዓይኗን ወደምትተኩስበት አዞርኩ፤ መሣሪያውን በሁለት እጇ አስያዝኳት። ያኔ ታሪኩ የእሷም እንደሆነ ከሩቅ መታየት ጀመረ።

ሰውነትን በኮምፒውተር መለወጥም የዚሁ ችግር አካል ነው። በ2004 ለአሜሪካ ገበያ በተሠራው የ«ኪንግ አርተር» ፖስተር ላይ የኪራ ናይትሊ ደረት ከተፈጥሮው አልፎ እንዲተልቅ ተደርጓል። እኛም ሀገር እንዲሁ ነው። አንድ ፕሮዲውሰር ልጇን ፍለጋ ስለምትንከራተት እናት የሚተርክ ፊልም ይዞ መጥቶ «ወገቧን አጥብቢው፣ ቆዳዋን አቅይው» አለኝ። ልጇን ያጣች እናት ናት እኮ! እምቢ ስለው ሥራውን ለሌላ ሰጠ። ተዋናይቷ ፖስተሩን ያየችው ግድግዳ ላይ ከተለጠፈ በኋላ ነው።

እህቴ፣ ተዋናይት ከሆንሽ ውል ስትፈርሚ ፖስተሩ ከመታተሙ በፊት እንዲታይሽ የሚል አንቀጽ አስገቢ። ፕሮዲውሰሩ አይሆንም ካለም ምክንያቱን ሳይነግርሽ አትፈርሚ።