የስንዴ ቅጠል ለምን ቢጫ ይሆናል?

በጎንደር ገጠር ያደግን ሁሉ አንድ ነገር እናስታውሳለን። ፍግ በሚጣልበት ጓሮ የበቀለው በቆሎ ቅጠሉ ጠቆር ያለ አረንጓዴ ሲሆን፣ ራቅ ካለው ማሳ ያለው ገርጥቶ ይቀጭጭ ነበር። አባቶቻችንም በአንድ መሬት ላይ ስንዴና ገብስ ከመደጋገም ይልቅ በመካከሉ ባቄላ ወይም አተር ይዘሩ ነበር። ዛሬ ልጆቻችን በእስራኤል ትምህርት ቤት ስለ ናይትሮጅን ሲማሩ፣ ወላጆቻቸው ከዚህ ነገር የራቁ ይመስላቸዋል። ነገሩ እንዲህ አለመሆኑን ለማስረዳት እንሞክራለን።

ከምንተነፍሰው አየር 78 በመቶ ያህሉ ናይትሮጅን ነው። ሆኖም ስንዴ ከአየር በቀጥታ ሊወስደው አይችልም፤ በአፈር ውስጥ ናይትሬት ወይም አሞኒየም ሆኖ ሲገኝ ብቻ በሥሩ ይስበዋል። በባቄላና በአተር ሥር ባሉት ትንንሽ እባጮች የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ግን የአየሩን ናይትሮጅን ለተክል ወደሚስማማ መልክ ይለውጡታል። ባቄላ ከበቀለበት በኋላ የተዘራ ስንዴ የሚያምረው አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ናይትሬት ቅጠል ሲደርስ ኢንዛይሞች ወደ አሞኒየም ይለውጡታል። ይህም ቅጠሉ በፀሐይ ብርሃን ከሠራው ስኳር ከሚገኘው ካርቦን ጋር ተዋሕዶ አሚኖ አሲድ፣ ከዚያም ፕሮቲን ይሆናል። አረንጓዴው ሐመልሚል ራሱ ያለ ናይትሮጅን አይሠራም። በስንዴ ቅጠል ካለው ናይትሮጅን ሩብ ያህሉ የሚገኘው ደግሞ ካርቦንን ከአየር በሚይዘው አንድ ፕሮቲን ውስጥ ነው።

ናይትሮጅን ሲያንስ ምን ይሆናል? በመጀመሪያ ስኳርና ስታርች በቅጠሉ ውስጥ ይከማቻሉ፤ ፕሮቲን የሚሠራበት ስለታጣ ነው። ዱቄት ሞልቶ እርሾ የጠፋበት ቤት ማለት ነው። ቀጥሎ ቅጠሉ ምግብ የመሥራት ኃይሉ ይደክማል። ተክሉም የታችኞቹን አሮጌ ቅጠሎች ፕሮቲን አፍርሶ ናይትሮጅኑን ለለጋዎቹ ይልካል። ስለዚህ ቀድሞ ቢጫ የሚሆነው የታችኛው ቅጠል ነው። ለጋው ቅጠል ቀድሞ ከገረጣ ግን እንደ ብረት ወይም ድኝ ያለ ሌላ ንጥረ ነገር ጎድሎ ሊሆን ይችላል።

መብዛቱም ጉዳት አለው። ቅጠሉ ይንዠረገጋል፣ አገዳው ይለሰልሳል፣ አዝመራው ይጋሽባል፣ መድረሻውም ይዘገያል። ማዳበሪያ የበዛበት ጤፍ ሲተኛ ያየ ገበሬ ይህን ያውቃል።

ቢጫ መሆን ሁሉ ግን በሽታ አይደለም። ስንዴ ሲያሸት ቅጠሉ ያከማቸውን ናይትሮጅን ለፍሬው አስረክቦ ይደርቃል። በዚህ ረገድ የምንኖርባት ምድር ታሪክ አላት። በ1906 አሮን አሮንሶን በሮሽ ፒና የዱር ስንዴ አገኘ። በ2006 ደግሞ የሃይፋ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች ያሉበት የተመራማሪዎች ቡድን፣ ይህን ርክክብ የሚያፋጥን ዘረ መል ከዱር ስንዴ ለይቶ አወጣ። የዘረ መሉ ሥራ እንዲቀንስ በተደረገበት ስንዴ ቅጠሉ ከ3 ሳምንት በላይ ዘግይቶ ደረቀ፤ የፍሬው ፕሮቲን፣ ዚንክና ብረትም ከ30 በመቶ በላይ ቀነሰ። ዛሬ በብዛት በሚዘሩት የዳቦና የፓስታ ስንዴዎች ይህ ዘረ መል አይሠራም። በኢትዮጵያ አጃ የሚባለው፣ ፍሬው ከገለባው በቀላሉ የማይለቀው ጥንታዊ ስንዴ፣ የዚሁ የዱር ስንዴ ዘመድ ነው።

እንግዲህ ሽማግሌዎቻችን ናይትሮጅን የሚለውን ስም ባይሰሙም ሥራውን በቅጠሉ ላይ ያነቡ ነበር። ይህን የሚያስታውሱ ሰዎች ቁጥር በየዓመቱ እየቀነሰ ነው። ስለዚህ ወጣቶች ሆይ፣ ከባቄላ በኋላ ምን ይዘራ እንደነበር፣ ፍጉ በየትኛው ወር ይበተን እንደነበር አያቶቻችሁን ጠይቁና ጻፉ። ተመራማሪዎችም ከዚህ የሚማሩት አያጡም እንላለን።