ክሎይ ኪም

ክሎይ ኪም (ሚያዝያ 15 ቀን 1992 ዓ.ም. ወይም እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 23 ቀን 2000 በሎንግ ቢች፣ ካሊፎርኒያ ተወለደች) በሃፍፓይፕ የስኖውቦርድ ውድድር የምትታወቅ አሜሪካዊት ስፖርተኛ ናት። በ2018 እና በ2022 የክረምት ኦሎምፒኮች የወርቅ ሜዳሊያ አግኝታለች። በሴቶች ሃፍፓይፕ ሁለት የኦሎምፒክ ወርቅ ያገኘች የመጀመሪያዋ ስፖርተኛም ናት። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ስለ ውድድሩ

ስኖውቦርድ ሁለቱም እግሮች በአንድ ሰሌዳ ላይ ታስረው በበረዶ ላይ የሚንሸራተቱበት ስፖርት ነው። ሃፍፓይፕ ደግሞ ከስፖርቱ ዘርፎች አንዱ ሲሆን፣ ስሙን ያገኘው ከመወዳደሪያ ቦታው ቅርጽ ነው። ቦታው በተራራ ቁልቁለት ላይ ከበረዶ ተጠርቦ የሚሠራ ረጅም ቦይ ነው፤ ለሁለት የተሰነጠቀ ቧንቧ ይመስላል። በትልልቅ ውድድሮች የግድግዳዎቹ ቁመት ወደ 6.7 ሜትር ይደርሳል። ተወዳዳሪው ከአንዱ ግድግዳ ወደ ሌላው እየተንሸራተተ ወደ ታች ይወርዳል፤ ግድግዳው ጫፍ በደረሰ ቁጥር አየር ላይ ዘሎ ይሽከረከራል፣ ተመልሶም በዚያው ግድግዳ ላይ ያርፋል።

የዝላዮቹ ስም ብዙውን ጊዜ ቁጥር ነው። አንድ ሙሉ ሽክርክሪት 360 ዲግሪ ስለሆነ፣ 720 ሁለት ሽክርክሪት፣ 1080 ሦስት፣ 1260 ደግሞ ሦስት ተኩል ሽክርክሪት ማለት ነው። ዳኞች የዝላዩን ከፍታ፣ ክብደት፣ ዓይነትና አስተራረፍ አይተው ከ100 ነጥብ ይሰጣሉ። በኦሎምፒክ ከስድስቱ ዳኞች ውጤት ከፍተኛውና ዝቅተኛው ተሰርዞ የቀሩት አራቱ አማካይ ይወሰዳል። በፍጻሜው እያንዳንዷ ተወዳዳሪ ሦስት ሙከራ አላት፤ የሚያዝላት የተሻለው ብቻ ነው። ስለዚህ በመጀመሪያው ሙከራ ጥሩ ነጥብ የያዘች ተወዳዳሪ በቀሩት ሁለቱ ከባድ ዝላይ ለመሞከር ነፃነት ታገኛለች።

የልጅነት ሕይወት

የኪም ወላጆች ከደቡብ ኮሪያ ወደ አሜሪካ የሄዱ ስደተኞች ናቸው። ያደገችው በካሊፎርኒያዋ ቶራንስ ከተማ ሲሆን፣ ስኖውቦርድ የጀመረችው በ4 ዓመቷ ከአባቷ ጋር ነው። በ6 ዓመቷ መወዳደር ጀመረች። ከ8 ዓመቷ ጀምሮ ለሁለት ዓመት በስዊዘርላንድ ጄኔቫ ከአክስቷ ጋር ስትኖር፣ ድንበር ተሻግራ በፈረንሳይ አቮሪያዝ ትለማመድ ነበር። ወደ ካሊፎርኒያ ከተመለሰች በኋላ መለማመጃዋ ማሞዝ ማውንቴን ሆነ። አባቷ የምህንድስና ሥራውን ትቶ፣ በሌሊት እየተነሣ በመኪና ለሰዓታት ወደ ተራራው ያደርሳት ነበር።

ወደ ከፍተኛ ውድድር መግባት

ኪም በ2013 የአሜሪካ ብሔራዊ ስኖውቦርድ ቡድንን ተቀላቀለች። በ2014 በኤክስ ጌምስ የብር ሜዳሊያ አገኘች። በችሎታዋ ለሶቺ ኦሎምፒክ የምትበቃ ብትሆንም ዕድሜዋ ገና 13 ስለነበር ደንቡ አልፈቀደላትም። በሚቀጥለው ዓመት በዚያው በኤክስ ጌምስ በ14 ዓመቷ ወርቅ ወሰደች። በ2016 በኖርዌይ ሊለሃመር በተካሄደው የወጣቶች የክረምት ኦሎምፒክ የአገሯን ሰንደቅ ዓላማ ይዛ የገባች ሲሆን፣ በሃፍፓይፕና በስሎፕስታይል ሁለት ወርቅ አግኝታ ተመልሳለች።

በሴቶች ውድድር 1080ን ለመጀመሪያ ጊዜ በ2011 የሠራችው የ2002 የኦሎምፒክ አሸናፊዋ ኬሊ ክላርክ ነበረች። ኪም በፌብሩዋሪ 2016 በዩታ ፓርክ ሲቲ ሁለት 1080ዎችን በተከታታይ በመሥራት በሴቶች የመጀመሪያዋ ሆነች። ይህ ከነጠላው የሚከብደው፣ ከመጀመሪያው ዝላይ ትንሽ ያዘመመ ወይም ፍጥነት ያጣ አስተራረፍ ለሁለተኛው የሚሆን ጊዜ ስለማይሰጥ ነው። ዳኞቹ ሙሉ 100 ነጥብ ሰጧት።

ፕዮንግቻንግ 2018

የመጀመሪያው ኦሎምፒኳ በወላጆቿ የትውልድ አገር በደቡብ ኮሪያ ሆነ። በፍጻሜው በመጀመሪያው ሙከራ 93.75 ነጥብ አገኘች፤ ማንም ስላልደረሰባት ሦስተኛ ሙከራዋን ሳትጀምር ወርቁ የእሷ መሆኑ ተረጋግጦ ነበር። ያም ሆኖ በመጨረሻው ሙከራ ተከታታዮቹን 1080ዎች ሠርታ ውጤቷን ወደ 98.25 ከፍ አደረገች። ቻይናዊቷ ሊዩ ጂያዩ በ89.75 ሁለተኛ ወጣች። ኪም የ17 ዓመት ልጅ ስትሆን፣ በወቅቱ በኦሎምፒክ ስኖውቦርድ ወርቅ ካገኙ ሴቶች ሁሉ በዕድሜ ትንሿ ነበረች። በኮሪያ የሚኖሩት አያቷም ስትወዳደር ለመጀመሪያ ጊዜ ያዩዋት በዚያ ቀን ነው።

ጉዳት፣ ዕረፍትና መመለስ

ድሉ ያመጣው ዝና ከባድ ጫና ነበረው። ኪም በኋላ ለታይም መጽሔት እንደተናገረችው፣ ከውድድሩ በኋላ የወርቅ ሜዳሊያዋን በወላጆቿ ቤት ቆሻሻ መጣያ ውስጥ እስከ መጣል ደርሳ ነበር። ከልጅነቷ ጀምሮ የእስያ ዝርያ በመሆኗ የጥላቻ መልእክቶች ይደርሷት እንደነበርም በ2021 በይፋ ተናግራለች።

በ2019 መጀመሪያ የዓለም ሻምፒዮን ሆነች፤ በማርች ወር ግን በውድድር ላይ ቁርጭምጭሚቷ ተሰበረ። የሚቀጥለውን የውድድር ዘመን ሙሉ በሙሉ ትታ ፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ ገባች። ለአንድ ከፍተኛ ተወዳዳሪ በ19 ዓመቱ ከስፖርቱ መራቅ ትልቅ ውሳኔ ነው፤ ሌሎች አዳዲስ ዝላዮችን በሚለማመዱበት ጊዜ እሷ ከበረዶ ርቃ ነበርና። በጃንዋሪ 2021 ስትመለስ ግን በስዊዘርላንድ ላክስ፣ በኤክስ ጌምስና በዓለም ሻምፒዮና ተከታትላ አሸነፈች።

በቤይጂንግ 2022 ኦሎምፒክ በመጀመሪያው ሙከራ ያገኘችው 94.00 ነጥብ ለወርቅ በቃት። በቀሩት ሁለት ሙከራዎች ሴቶች በውድድር ሠርተውት የማያውቁትን 1260 ለመሥራት ሞክራ ሁለቴም ወደቀች። ከዚያም ለአእምሮ ጤናዋ ስትል ሌላ የውድድር ዘመን ዐረፈች።

ከ2024 ወዲህ

በቤይጂንግ ያልተሳካው ዝላይ በጃንዋሪ 2024 በኮሎራዶ አስፐን ተሳካ። ኪም በኤክስ ጌምስ በሃፍፓይፕ ውድድር 1260 የሠራች የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች። በ2025 በዚያው ውድድር ስምንተኛ ወርቋን አግኝታ በሃፍፓይፕ የሾን ዋይትን ክብረ ወሰን ተጋራች። በዚያው ዓመት በስዊዘርላንድ ሳንክት ሞሪትዝ ሦስተኛ የዓለም ሻምፒዮናነቷን አገኘች።