ክቡ ለምን ክብ አልሆነም?

በዋንዛ ሳንቃ ላይ ክብ ጌጥ እንዲቀርጽ ማሽኑን አዘዙት፤ ሲጨርስ ግን ክቡ ግራና ቀኙ ተደፍጥጦ ተገኘ። ወይም ደግሞ በደህና ሲሄድ የቆየ የሐረግ ቅርጽ መሐል ላይ ሁለት ሚሊሜትር ወደ ጎን ዘለለና ከዚያ ወዲያ ያለው ሁሉ ከመስመር ወጣ። በዚህ ጊዜ ብዙ ሰው የሚጠረጥረው ኮምፒውተሩን ነው፤ ሥዕሉን እንደገና ይጭናል፣ ፕሮግራሙን አጥፍቶ ያበራል፣ አንድ ሌላ ሳንቃ ያበላሻል። ከዚህ ሁሉ በፊት የተበላሸውን እንጨት በመስኮት ብርሃን አገላብጦ ማየት ይሻላል። መደፍጠጥና መዝለል የተለያዩ ብልሽቶች ናቸው፤ መነሻቸውም ጥገናቸውም ለየቅል ነው።

የማወራው ጠረጴዛ ላይ ስለሚቀመጠው፣ 3018 ስለሚባለው የቤት ሲኤንሲ (በኮምፒውተር የሚታዘዝ መቅረጫ ማሽን) ነው። ቁጥሩ የሚቀርጽበትን ስፋት ይነግራል፦ 30 በ18 ሴንቲሜትር። አዲስ አበባ ውስጥ በርና የአልጋ ራስጌ የሚቀርጹት ማሽኖች ከዚህ እጅግ ይተልቃሉ፤ የሁሉም ሥራ ግን የሚሽከረከር ፑንታ ይዞ ወደ ሦስት አቅጣጫ መንቀሳቀስ ነው።

በየአቅጣጫው የሚያንቀሳቅሰው ስቴፐር የሚባል ሞተር ነው። ይህ ሞተር እንደ ሌላው ሞተር ዝም ብሎ አይዞርም፤ አንድ ሙሉ ዙሩ በ200 እርምጃ የተከፈለ ነው። መቆጣጠሪያ ቦርዱ እያንዳንዷን እርምጃ እንደገና ለ16 ስለሚሸነሽናት አንድ ዙር 3,200 ምት ይሆናል። ሞተሩ የሚያዞረው ጥርስ የወጣለት ረጅም ዘንግ ደግሞ በብዙዎቹ 3018 ማሽኖች ላይ በአንድ ዙር 4 ሚሊሜትር ያስኬዳል። 3,200 ለ4 ሲካፈል 800 ነው፤ አንድ ሚሊሜትር ለመሄድ 800 ምት። በማሽኑ ማስተካከያ ውስጥ 800 የሚል ቁጥር ተጽፎ የሚያገኙት ለዚህ ነው።

የነገሩ ቁልፍ እዚህ ላይ ነው። ቦርዱ 800 ምት ልኮ አንድ ሚሊሜትር ተሄዷል ብሎ ይመዘግባል እንጂ ፑንታው በእርግጥ መድረሱን የሚያይበት ምንም ነገር የለውም። ዓይኑን ጨፍኖ እርምጃ እየቆጠረ ቤት ውስጥ እንደሚሄድ ሰው ነው፤ መንገድ ላይ ትንሽ ገፋ ቢያደርጉት ቁጥሩ ሳይዛነፍ ግድግዳ ይመታል። እ.ኤ.አ. በ1952 በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ለዕይታ የቀረበው በቁጥር የሚታዘዝ የብረት መፈልፈያ ማሽን የደረሰበትን ቦታ መልሶ ይለካ ነበር። የቤቱ ማሽን ይህ የለውም፤ ርካሽ ካደረጉት ነገሮች አንዱም ይኸው ነው። እኔ ቅናሹን እደግፈዋለሁ፤ ሞተሩ ከአቅሙ በላይ እስካልተጫነና ከሞተሩ እስከ ፑንታው ያለው ግንኙነት እስካልላላ ድረስ ቆጠራው ብቻውን ይበቃል። ችግሩ መላላቱ ነው።

መዝለል ሲያጋጥም መጀመሪያ የሚጠረጠረው ሞተሩን ከዘንጉ ጋር የሚያገናኘው ትንሽ የአሉሚኒየም ማያያዣ ነው። የሞተሩ እግር 5 ሚሊሜትር፣ ዘንጉ 8 ሚሊሜትር ስለሚወፍሩ ማያያዣው በአንድ ጫፉ ጠባብ፣ በሌላው ሰፊ ቀዳዳ አለው። ሁለቱን የሚይዛቸው በጎኑ የገቡ ራስ የሌላቸው ትንንሽ ብሎኖች ናቸው። ማሽኑ ሲሠራ ስለሚንቀጠቀጥ ብሎኖቹ ቀስ በቀስ ይላላሉ። ለስላሳ እንጨት በስሱ ሲቀረጽ ምንም አይታወቅም። ፑንታው ጉጥ ላይ ሲደርስ ወይም ጠልቆ ሲቆርጥ ግን የሞተሩ እግር ማያያዣው ውስጥ ለብቻው ይዞራል። ሞተሩ ዞሯል፣ ቦርዱ ቆጥሯል፣ ዘንጉ ግን አልተነቃነቀም። ከዚያች ቅጽበት በኋላ የሚቀረጸው ሁሉ በዚያችው መጠን ይዛነፋል።

ይህን ለመለየት አንድ ማርከር ይበቃል። ማሽኑን ከሶኬት ነቅለው፣ ከሞተሩ እግር ተነሥቶ ማያያዣውን አቋርጦ ዘንጉ ላይ የሚያርፍ ቀጥ ያለ መስመር ያስምሩ። ከዚያ ያንኑ ሥራ በውዳቂ እንጨት ላይ ያስደግሙት። መስመሩ ከተቆረጠ ተንሸራትቷል፤ የተቆረጠበት ቦታም የትኛው ጫፍ እንደላላ ይነግርዎታል። መነጽር ያድርጉ፣ እጅዎንም ያርቁ፤ ፑንታው በደቂቃ ወደ 10,000 ዙር ይሽከረከራል። ጥገናው አጭር ነው፦ ብሎኑን በብሩጎላ (ብዙ ጊዜ ባለ 2 ሚሊሜትሩ ነው) አውጥተው ዘይቱን ይጥረጉ፣ ብሎን እንዳይላላ ከሚይዘው ማጣበቂያ መካከለኛውን አንድ ጠብታ ያድርጉ፣ የሞተሩ እግር ጠፍጣፋ ጎን ካለው ብሎኑን እዚያ ላይ አሳርፈው ያጥብቁ። አሉሚኒየም ጥርሱ ቶሎ ስለሚበላ ከልክ በላይ አይጫኑት። መስመሩ ሳይቆረጥ መዝለሉ ከቀጠለ ግን እርምጃውን የሳተው ሞተሩ ራሱ ነው፤ የደነዘ ፑንታን፣ የበዛ ጥልቀትን ወይም የበዛ ፍጥነትን ይጠርጥሩ። ማሽኑ ጠፍቶ እያለም ዘንጉን ከጫፍ እስከ ጫፍ በእጅዎ ያዙሩት። የሚከብድበት ቦታ ካለ እዚያ ሰጋቱራ ታጭቋል ወይም ዘንጉ ተጣሟል።

የተደፈጠጠው ክብ ሌላ ነገር ነው። በዘንጉ ላይ የሚሄደው የናስ ዳዶ ጥርሱ ሲበላ በዳዶውና በዘንጉ መካከል ክፍተት ይፈጠራል። ወደ አንድ አቅጣጫ እስከሄደ ድረስ ጉዳት የለውም። አቅጣጫ ሲቀይር ግን ዘንጉ ክፍተቱን እስኪሞላ ባዶውን ይዞራል፤ ያን ጊዜ ፑንታው በዚያ አቅጣጫ ቆሟል። ክብ ሲቀረጽ የግራ ቀኙ ሞተር አቅጣጫ የሚቀይረው በግራና በቀኝ ጠርዝ ላይ ስለሆነ ጠፍጣፋው እዚያ ይወጣል። ከላይና ከታች ከተደፈጠጠ ጥፋቱ የፊትና ኋላው ዘንግ ነው።

እዚህ ላይ ብዙዎች የሚሠሩት ነገር በጣም ያሳስበኛል። የተቀረጸውን ለክተው ስላነሰባቸው ያንን 800 ወደ 803 ወይም 805 ከፍ ያደርጉታል። ጥፋቱ የክፍተቱ ይሁን የቁጥሩ ለመለየት በፑንታው ቦታ እስክሪብቶ አስረው ጎኑ 10 እና ጎኑ 100 ሚሊሜትር የሆኑ ሁለት አራት ማዕዘኖች በወረቀት ላይ ያሥሉ። ከትንሹ 0.3 ሚሊሜትር ጎድሎ ከትልቁም ያው 0.3 ከጎደለ ክፍተት ነው፤ ቁጥሩን አይንኩት። ከትንሹ 0.3፣ ከትልቁ 3 ከጎደለ ግን በእርግጥ ቁጥሩ ተሳስቷል። ክፍተትን በቁጥር ማካካስ አንዱን ልኬት አስተካክሎ ሌላውን ሁሉ ማበላሸት ነው።

ክፍተቱን ለማጥበብ የተሠራው ዘዴ ቀላል ነው፦ ሁለት ዳዶዎች፣ በመካከላቸው ጥቅልል ሞላ። ሞላው አንዱን ወደ ፊት፣ ሌላውን ወደ ኋላ እየገፋ ሁለቱም የዘንጉን ጥርስ በተቃራኒ ጎን ተደግፈው እንዲቆሙ ያደርጋል። ስለዚህ ተንቀሳቃሹን ዳዶ ከተቀመጠበት ጎድጓዳ አውጥተው፣ ሞላው ጠበቅ እንዲል ወደ ሌላው በጥቂቱ አዙረው መልሰው ያስገቡት። ከልክ ካለፈ ዘንጉ ይከብድና ሞተሩ እርምጃ መሳት ይጀምራል። ከዚህ በፊት ግን ዘንጉን በጥርስ ብሩሽና በጨርቅ ያጽዱ፤ ሰጋቱራ ላይ የፈሰሰ ዘይት ሊጥ ሆኖ ናሱን ይሞርዳል። ከተጸዳ በኋላ ስስ ዘይት በጥቂቱ ይበቃል። ሞላው ጠብቆም ክፍተቱ ካልጠፋ ዳዶው አልቋል። ናስ ከብረት ስለሚለሰልስ ከሁለቱ ቀድሞ የሚያልቀው እሱ ነው፤ ስለዚህ ውዱን ዘንግ ትተው ዳዶውን ብቻ ይቀይሩ። ሲገዙ አሮጌውን ይዘው ይሂዱ፤ 8 ሚሊሜትር ሆነው በአንድ ዙር 2፣ 4 ወይም 8 ሚሊሜትር የሚሄዱ ዳዶዎች ሲያዩአቸው ቢመሳሰሉም ዘንጉ ላይ የሚገባው አንዱ ብቻ ነው።