ስለ ስትሪት ፋይተር ጨዋታና በጓደኛሞች መካከል ስለሚያስነሣው ፉክክር

እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1991 ዓ.ም. ካፕኮም የተባለው የጃፓን ኩባንያ «ስትሪት ፋይተር 2» የሚባለውን የቪዲዮ ጨዋታ፥ ሳንቲም እየጎረሰ በሚሠራ የመጫወቻ መሣሪያ አዘጋጅቶ አወጣ። ስለ ልጆች ጨዋታ በጥናት መጽሔት መጻፍ ምን ይጠቅማል የሚል አንባቢ እንደሚኖር እንገምታለን። ነገር ግን ሁለት ወዳጆች ሳይጣሉ የሚፋለሙበትን ሥርዓት መመርመር ከቁም ነገር የሚቈጠር ስለ ሆነ፥ ፉክክሩ ከምን እንደሚመነጭ በተቻለን መጠን ለማስረዳት እንሞክራለን።

ከዚያ በፊት በመጫወቻ ቤቶች ከነበሩት ጨዋታዎች ብዙዎቹ ሰውን ከመሣሪያው ጋር የሚያጋጥሙ ነበሩ፤ የተጫዋቹም ድካም ነጥብ ለማከማቸት ነበር። በዚህኛው ግን ሁለት ሰዎች ጎን ለጎን ቆመው፥ ከስምንት ተፋላሚዎች መካከል የየራሳቸውን መርጠው ይጋጠማሉ። ለእያንዳንዱ ተጫዋች ስድስት መጫኛዎች አሉት፤ ሦስቱ የቡጢ፥ ሦስቱ የእርግጫ ናቸው። ሁለቱ ተጫዋቾች አንዱን ተፋላሚ በአንድ ጊዜ መምረጥ አይችሉም ነበርና፥ ክርክሩ ገና ግጥሚያው ሳይጀመር ይነሣ ነበር። ይህ የተፈቀደው በ1992 በወጣው በተከታዩ እትም ነው።

በአሜሪካ መጫወቻ ቤቶች ያልተጻፈ ሕግ ነበረ። ያሸነፈ በዚያው በከፈለው ሳንቲም ይቀጥላል፤ የተሸነፈ ቦታውን ይለቃል፤ ተራ የሚጠብቀውም ሳንቲሙን ከመሣሪያው ጠርዝ ላይ አኑሮ «ቀጣዩ እኔ ነኝ» ይላል። ስለዚህ ጎበዙ በአንድ ሳንቲም ሲያመሽ የጓደኛው ኪስ ይራቆታል። የሽንፈቱ ዋጋ ቂም ለማስያዝ ያነሰ፥ ለመቈጥቈጥ ግን የሚበቃ ነበር። በአዲስ አበባ ፕሌይስቴሽን ቤት «የተሸነፈው ይክፈል» ሲባል የሰማ አንባቢ ነገሩን ለመረዳት አይቸገርም። በጃፓን ደግሞ ሁለት መሣሪያዎች ጀርባ ለጀርባ ይቆሙ ስለ ነበር፥ ሰው የተጋጣሚውን ፊት ሳያይ ሊሸነፍ ይችል ነበር። ይህ ለዓይነ አፋር ሰው ይመቸው ይሆናል፤ እኛ ግን የጎን ለጎኑን እንመርጣለን።

ሳንቲሙ ብቻውን ግን ፉክክሩን አይገልጸውም። ዋናው ምክንያት በጨዋታው አሠራር ውስጥ ነው። መምታት በመከላከል ይመክናል፤ የሚከላከለውን ሰው ቀርቦ አንሥቶ መጣል ይቻላል፤ ለመጣል የሚቀርበውን ደግሞ ቀድሞ መምታት ይቻላል። እንግዲህ ምንጊዜም የሚያሸንፍ ዘዴ ስለሌለ፥ ማወቅ የሚያስፈልገው ተጋጣሚው አሁን ምን እንደሚያስብ ነው። የሰውን ልማድ ደግሞ ከጓደኛው አብልጦ የሚያውቅ የለም። ሲደነግጥ እንደሚዘል፥ ሲናደድ እየሮጠ እንደሚመጣ ያውቃል።

ጠብ የሚነሣው በመጣሉ ላይ ነው። መከላከያ ስለማይበግረው፥ ብዙ ጓደኛሞች «መጣል የፈሪ ነው» ብለው በመካከላቸው ይከለክሉታል። ለሰላም ሲባል የተደረገ መሆኑን አንክድም። ነገር ግን መጣል ከቀረ፥ ጋይል የተባለውን ወታደር መርጦ ቍጢጥ ብሎ የሚጠብቀውን ሰው ከመሸሸጊያው የሚያስወጣው ምን ይሆናል? አንድ ግፍ ለማስቀረት ተብሎ ሌላ ግፍ ይነግሣል። በእኛ አስተያየት የተጣለው ሰው ቢጠይቅ፥ የጣለውም መልሱን ቢያሳየው ይሻላል፤ ምሥጢሩን የሚደብቅ ጎበዝ ውሎ አድሮ የሚጋጠመው ያጣል። በ1994 በወጣው እትም የሚጣለው ሰው በጊዜው ቢጫን የውድቀቱን ጉዳት የሚቀንስበት መንገድ ተጨምሯል።

ጨዋታው በ1992 ለሱፐር ኒንቴንዶ ተዘጋጅቶ ወደ መኖሪያ ቤት ሲገባ ከ6 ሚሊዮን ቅጂ በላይ ተሸጧል። በቤት ሳንቲም አይከፈልም፤ የተሸነፈው መጫወቻውን ለወንድሙ ወይም ለጓደኛው ያስረክባል እንጂ ሕጉ ያው ነው።

ከዚህ ዓይነቱ የሠፈር ግጥሚያ ነው ትልልቆቹ ውድድሮች የተወለዱት። በ1996 በካሊፎርኒያ ሰኒቬል ከተማ ወደ 40 የሚጠጉ ተጫዋቾች ተሰብስበው ተወዳደሩ፤ ይኸው ውድድር ከ2002 ጀምሮ ኢቮ ተብሎ ይጠራል። በ2004 በተደረገው ኢቮ፥ «ስትሪት ፋይተር 3» በተባለው ጨዋታ ጃፓናዊው ዳይጎ ኡመሃራ ከአሜሪካዊው ጀስቲን ዎንግ ጋር ተጋጠመ። የኡመሃራ ተፋላሚ ሊያልቅለት ጥቂት ቀርቶት ስለ ነበር፥ ልዩውን ጥቃት በተራ መከላከያ ቢቀበለው እንኳ ይሞት ነበር። መዳኛው አንድ ብቻ ነው፤ ይኸውም ምቱ ሲደርስ እጀታውን ወደ ምቱ ገፋ በማድረግ እያንዳንዱን ማምከን። ዎንግ ጥቃቱን ሲለቅ ኡመሃራ ቀድሞ ጠርጥሮ ነበርና 15ቱንም ምቶች አመከነና መልሶ መትቶ አሸነፈ። የዚህን ግጥሚያ ፊልም ያዩ ብዙ ሰዎች ኡመሃራ የዚያን ዕለት ዋንጫውን የወሰደ ይመስላቸዋል፤ ነገር ግን ግጥሚያው ከፍጻሜው በፊት የነበረው ነው፤ በፍጻሜው ሌላ ጃፓናዊ አሸንፎታል።