የቤሎ ሆሪዞንቴ የምግብ ጽሕፈት ቤት

የቤሎ ሆሪዞንቴ የምግብ አቅርቦት ጽሕፈት ቤት በብራዚል የሚናስ ዤራይስ ክፍለ ግዛት ዋና ከተማ የሚገኝ የማዘጋጃ ቤት መሥሪያ ቤት ነው። በጁላይ 1993 በከተማው ሕግ ሲቋቋም የተሰጠው ኃላፊነት አንድ ነበር፤ የከተማዋ ነዋሪ ሁሉ በቂና ጤናማ ምግብ በሚችለው ዋጋ እንዲያገኝ ማድረግ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ከተማዋን እግር ኳስ ወዳዱ የሚያስታውሳት ብራዚል በ2014 የዓለም ዋንጫ በጀርመን 7 ለ 1 የተረታችባት ቦታ ብሎ ነው። በከተሞች ውስጥ ያለውን ረሃብ የሚያጠኑ ሰዎች ግን ስሟን የሚያነሡት በዚህ መሥሪያ ቤት ምክንያት ነው።

ቤሎ ሆሪዞንቴ በ1897 በፕላን የተቆረቆረች፣ ዛሬ ከ2.3 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ የሚኖርባት ከተማ ናት። ፕላኑ የተነደፈው ለመንግሥት ሠራተኛውና ለነጋዴው ነበርና ከገጠር የፈለሰው ድኻ ኮረብታ ኮረብታውን ይዞ ፋቬላ በሚባሉ የድኻ ሰፈሮች ሰፈረ። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ከከተማዋ ሕፃናት አንድ አምስተኛ የሚሆኑት በምግብ እጥረት የተጎዱ እንደነበሩ ይገመታል። በዚያ ላይ የብራዚል የዋጋ ንረት በ1993 ከ2,000 በመቶ አልፎ ነበር፤ ጠዋት የተጠየቀ ዋጋ ማታ አይገኝም። ያው ዓመት የሚናስ ዤራይስ ተወላጅ የሆነው የማኅበረሰብ ጥናት ምሁር ኤርቤርት ዴ ሱዛ፣ በቅጽል ስሙ ቤቲንዮ፣ ረሃብን የሚቃወም አገር አቀፍ ዘመቻ ያስነሣበት ነበር። የሠራተኞች ፓርቲ አባል የሆኑት ፓትሩስ አናኒያስ የከተማዋ ከንቲባ ሆነው ሥራ የጀመሩትም በዚህ ሰዓት ነው።

አናኒያስ ያደረጉት አዲስ ነገር እርዳታ ማከፋፈል አይደለም፤ እርዳታ በብራዚል ድሮም ነበር። ርካሽ ምግብ ቤትም ቢሆን በ1940ዎቹ በጌቱልዮ ቫርጋስ መንግሥት ለሠራተኞች ተከፍቶ ያውቃል። አዲሱ ነገር በጤና፣ በትምህርትና በበጎ አድራጎት ክፍሎች ተበታትኖ የነበረውን የምግብ ጉዳይ በአንድ ኃላፊ ሥር መሰብሰባቸው፣ የራሱ በጀትና ባለሙያ እንዲኖረው ማድረጋቸው ነበር። ከሠራተኛ ማኅበራት፣ ከነጋዴዎች፣ ከአብያተ ክርስቲያናትና ከነዋሪዎች የተውጣጣ አማካሪ ምክር ቤትም አብሮ ተቋቋመ። የመሥሪያ ቤቱ መነሻ ሐሳብ፣ ገበያ ላይ ዋጋው አልቀመስ ያለው ሰው ምግብ የማግኘት መብቱ አብሮ አይቀርም የሚል ነው። ያ ሰው በመንግሥት ፊት ባለ ጉዳይ ነው እንጂ ለማኝ አይደለም።

ከሥራዎቹ ሁሉ ለዓይን የሚቀርበው የሕዝብ ምግብ ቤት ነው። የመጀመሪያው በ1994 መሃል ከተማ፣ ከአውቶቡስ መናኸሪያው አጠገብ ተከፈተ፤ ኋላም በቤቲንዮ ስም ተሰየመ። ደንበኛው ተሰልፎ ቲኬት ይቆርጣል፣ ክፍልፋይ ያለው ትሪ ይዞ ያልፋል፣ ሩዝ፣ ቦሎቄ፣ ሥጋ፣ አትክልት፣ ሰላጣና ፍራፍሬ ይቀርብለታል። ረዣዥም ጠረጴዛዎች፣ ንጹሕ አዳራሽ፣ በሥነ ምግብ ባለሙያ የሚወጣ የሳምንት ዝርዝር አለው። ዋጋው በአገሩ ገንዘብ ለረጅም ጊዜ 1 ሬያል ነበር፤ በኋላ ወደ 2፣ ከዚያም ወደ 3 ሬያል ከፍ ብሏል። ቅርንጫፎቹ ተጨምረው በ2000ዎቹ በቀን ከ12 ሺህ የማያንስ ሰው ይመገብባቸው ነበር።

በሩ ላይ ማንም «ድኻ መሆንህን አስመስክር» አይባልም። የቀበሌ ደብዳቤ፣ የገቢ ማረጋገጫ፣ የተመዘገበ ስም አይጠየቅም። ጡረተኛው፣ ተማሪው፣ ሊስትሮው፣ ከረባት ያሰረው የባንክ ጸሐፊ በአንድ ሰልፍ ይቆማሉ። ይህ አሠራር ገንዘብ ያባክናል የሚል ተቃውሞ ከመጀመሪያው ቀርቦበታል፤ መክፈል የሚችለው ሰው ለምን ይደጎማል የሚል ነው። ተቃውሞው በወረቀት ላይ ትክክል ይመስላል። ነገር ግን መታወቂያ የሌለውን፣ ማንበብ የማይችለውን፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ የሚያፍረውን ሰው ቀድሞ የሚያባርረው የማጣሪያው ወረፋ ነው። ባለ ከረባቱ አብሮ ስለሚበላም ቦሎቄው ሲያርር ወይም አዳራሹ ሲቆሽሽ ቅሬታ የሚጽፍ አይጠፋም፤ ለድኻ ብቻ በተለዩ ቦታዎች የሚጎድለው እንዲህ ያለ ተቆጪ ነው። ከጊዜ በኋላ ቅናሹ ለባሰበት ሰው ተጨምሮለታል፤ ጎዳና ላይ የሚኖሩ በነፃ፣ የመንግሥት የቤተሰብ ድጎማ ተጠቃሚዎች በግማሽ ዋጋ ይመገባሉ።

ምግብ ቤቱ ስም ቢያተርፍም የመሥሪያ ቤቱ ብልኃት ይበልጥ የታየው በመሬት አያያዙ ነው። አንድ ማዘጋጃ ቤት ጥሬ ገንዘብ ላይኖረው ይችላል፤ ሰው የሚበዛባቸው ማዕዘኖችና አደባባዮች ግን በእጁ ናቸው። ቤሎ ሆሪዞንቴ እነዚህን ቦታዎች ለአትክልትና ፍራፍሬ ነጋዴዎች በጨረታ ትሰጥና በለውጡ ግዴታ ታስገባለች። በፖርቱጋልኛ ምሕጻራቸው «አቤሴ» በሚባሉት በእነዚህ መደብሮች ሃያ ያህል ዓይነት ዋና ዋና ምርቶች ከተማው በወሰነው ዋጋ ይሸጣሉ፤ ዋጋው ከገበያው ሁለት ሦስተኛ አካባቢ ነው። የቀረውን ነጋዴው እንደፈለገ ይሸጣል፤ ትርፉንም ከዚያ ያገኛል። ምርጥ ቦታ የደረሰው ነጋዴ ደግሞ ቅዳሜና እሑድ መኪናውን ጭኖ መደብር ወደሌለባቸው የዳር ሰፈሮች ሄዶ በዚያው ዋጋ መሸጥ ግዴታው ነበር። ለአዲስ አበባ ሰው የሸማቾች ማኅበር ሱቅና የእሑድ ገበያ ተቀላቅለው የሚታዩበት ነገር ነው፤ ልዩነቱ በቤሎ ሆሪዞንቴ ሻጩ የግል ነጋዴ መሆኑና ከተማው ከካዝናው ድጎማ አለመክፈሉ ነው።

በአካባቢው ላሉ አነስተኛ ገበሬዎችም «ቀጥታ ከማሳው» የሚል ትርጉም ባለው መርሐ ግብር መሸጫ ቦታ ተሰጣቸው። ደላላውና ጅምላ አከፋፋዩ አንዳንዴ የዋጋውን እጥፍ ይጭኑበት የነበረው ጎመንና ቲማቲም ከገበሬው እጅ በቀጥታ ለሸማቹ ይደርሳል። ገዢው ይቀንስለታል፣ ሻጩ ይጨመርለታል። ደላላ እንደሚከስር ግልጽ ነው፤ ስለዚህም ጉዳይ ማንም ብዙ አልቅሶ አያውቅም።

ሌላው ሥራ ከሞላ ጎደል በነፃ የሚሠራ ነበር። መሥሪያ ቤቱ ከሚናስ ዤራይስ ፌዴራላዊ ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ የመሠረታዊ ሸቀጦችን ዋጋ ከሱፐርማርኬቶች እየሰበሰበ በጋዜጣ ያወጣ፣ በአውቶቡስ ፌርማታዎችም ላይ ይለጥፍ ነበር። ዘይቱ የት እንደሚረክስ ሸማቹ ፌርማታ ላይ ቆሞ ያነብ ነበር፤ ያስወደደው ሱቅም ስሙ በአደባባይ መለጠፉን ያውቅ ነበር።

የትምህርት ቤት ምገባ ከፌዴራሉ መንግሥት ገንዘብ ያገኛል። የከተማው ድርሻ በፋብሪካ ለተዘጋጁ ደረቅ ምግቦች ይወጣ የነበረውን ገንዘብ ወደ ትኩስ አትክልትና እህል ማዞር ነበር። በ2009 የወጣው የብራዚል ሕግ ለትምህርት ቤት ምግብ ከሚሰጠው የፌዴራል ገንዘብ ቢያንስ 30 በመቶው ከቤተሰብ እርሻ እንዲገዛበት አስገደደ። ከዚህ ሌላ በ2003 የምግብ ባንክ ተከፍቶ ከገበያ የተረፈውን፣ ለመብል ግን ደኅና የሆነውን አትክልት ለሕፃናት ማቆያዎችና ለመጠለያዎች ማድረስ ጀምሯል።

ይህ ሁሉ ከከተማው ዓመታዊ በጀት ከ2 በመቶ በታች ነበር የሚወስደው። መርሐ ግብሩ በተጀመረ በአሥር ዓመት ገደማ ውስጥ የከተማዋ የጨቅላ ሕፃናት ሞት ከግማሽ በላይ ቀነሰ። ውጤቱን ሁሉ ለምግቡ ጽሕፈት ቤት መስጠት ግን ተገቢ አይሆንም፤ በነዚያው ዓመታት የዋጋ ንረቱ በ1994 በወጣው አዲስ ገንዘብ ተገትቷል፣ የጤና አገልግሎቱም ሰፍቷል። መቀመጫውን ሃምቡርግ ያደረገው የዓለም የወደፊት ምክር ቤት በ2009 ለከተማዋ የፖሊሲ ሽልማት ሰጥቷታል።

ጉድለትም አለበት። የሕዝብ ምግብ ቤቶቹ የተተከሉት መሃል ከተማና ሕዝብ በሚተላለፍባቸው ቦታዎች በመሆኑ፣ ከሩቅ ፋቬላ ለሚመጣ ሰው የአውቶቡሱ ሒሳብ ከምሳው ዋጋ ይበልጥበታል። ስለዚህ ጥቅሙ የበዛው መሃል ከተማ ለሚሠራው እንጂ ሥራ ፈትቶ ቤቱ ለተቀመጠው አይደለም። አረጋውያንና ትንንሽ ልጆች ያሏቸው እናቶችም በዚሁ ምክንያት ይርቋቸዋል። መሥሪያ ቤቱ ራሱ ከፍ ዝቅ ብሏል፤ በተከታታይ በመጡ ከንቲባዎች ዘመን አልፈረሰም፣ ሆኖም ስሙ እየተለዋወጠ በሌላ ጽሕፈት ቤት ሥር ያለ ንዑስ ክፍል የሆነበት ጊዜም ነበር። የዕለት ሥራው ግን ቀጥሎ በ2020 ኮሮና ሲገባ አዳራሾቹ ምግቡን አሽገው በበር ማደል ጀመሩ፤ ትምህርት ቤት ለተዘጋባቸው ልጆች ቤተሰቦችም ከተማው አስቤዛ አከፋፈለ።

አሠራሩ ከከተማዋ ወጥቶ አገሩን አዳርሷል። በ2003 ፕሬዚዳንት ሉላ የጀመሩት «ፎሜ ዜሮ»፣ ማለትም ረሃብን ዜሮ የማድረግ መርሐ ግብር፣ ከቤሎ ሆሪዞንቴ ልምድ ብዙ ወስዷል፤ አናኒያስም በ2004 የማኅበራዊ ልማት ሚኒስትር ሆነው የቤተሰብ ድጎማውን መርተዋል። በ2010 ምግብ የማግኘት መብት በብራዚል ሕገ መንግሥት ውስጥ ገባ። በአፍሪካ ደግሞ የናሚቢያ ዋና ከተማ ዊንድሁክ ከቤሎ ሆሪዞንቴ ጋር ልምድ በመለዋወጥ የራሷን የከተማ ምግብ ፖሊሲ መንደፍ ጀምራለች። ከተሞች በ2015 ሚላን ላይ የተፈራረሙት የምግብ ፖሊሲ ስምምነትም ለእንዲህ ዓይነቱ ልውውጥ መድረክ ሆኗል፤ አዲስ አበባ በተማሪዎች ምገባ መርሐ ግብሯ የስምምነቱን ሽልማት ያገኘችው በ2022 ነው።