«አትመልሺልኝ»

ባለፈው ጥር ከአሥራ አምስት ዓመቷ ልጄ ጋር አራት ቀን ተኮራርፈን ነበር። ምክንያቱ የሶፍ ዑመር ዋሻ ነው። ክፍላቸው ለጉብኝት ሊሄድ ነው፤ ከሮቤ በጎሮ በኩል 120 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል። እኔ የታየኝ መንገዱ፣ ጨለማውና ዋሻውን ሰንጥቆ የሚያልፈው የዌብ ወንዝ ነው።

«አትሄጂም።»

«ለምን?»

«አትሄጂም አልኩ! ደግሞ አትመልሺልኝ።»

እሷ ግን መለሰች። በጋ ስለሆነ ወንዙ ጎድሏል፤ የአገሩ አስጎብኚ አብሯቸው ይገባል፤ ሁለት መምህራን አሉ። «መግቢያው ራሱ በሼህ ሶፍ ዑመር ሴት ልጅ ስም ነው የሚጠራው ይባላል እኮ፣ እማ!» ብላ በሩን ዘግታ ገባች።

በአራተኛው ሌሊት እንቅልፍ እምቢ አለኝ። እኔ በእሷ ዕድሜ ለእናቴ አንድም ቀን መልሼ አላውቅም። ጨዋ ልጅ እባል ነበር። አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ላይ ግን ለማልፈልገው ሰው ሽማግሌ ሲመጣ፣ «አልፈልግም» የምትለው ቃል ከአፌ አልወጣ አለች። ስለ እኔ ተነስታ የተናገረችው ታላቅ እህቴ ናት። እስከ ዛሬ ሳስበው ያመኛል።

የቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ጆሴፍ አለን ከባልደረቦቹ ጋር እ.ኤ.አ. በ2012 ያሳተመው ጥናት አለ። የ13 ዓመት ልጆች ከእናቶቻቸው ጋር ሲከራከሩ ቀርጸው፣ ከዓመታት በኋላ ተከታተሏቸው። ምክንያት እያቀረቡ የተከራከሩት ልጆች፣ ጓደኛ መጠጥ ወይም ዕፅ ሲጋብዛቸው እምቢ ለማለት የተሻለ አቅም ነበራቸው። ቶሎ የሚረቱት ደግሞ ለጓደኛም ይረቱ ነበር።

በሌላ ጊዜ በፀጉርና በሱሪ የምንጣላው እኔ ወግ የምለውን እሷ የራሴ ጉዳይ ስለምትለው ነው፤ እዚያ ላይ ብዙ ጊዜ እውነቷን ነው። ወንዝ ግን ወንዝ ነው። ፍርሃቴን አልተውኩም።

ጠዋት ቡና እያፈላሁ ጠራኋት። «ቁጭ በይና አስረጂኝ» አልኳት። ሁሉንም ከመጀመሪያው ነገረችኝ፤ ሳላቋርጥ ሰማሁ።

«ውሃው ከጉልበትሽ ካለፈ አትሻገሪም።»

«እሺ።»

«ጓደኞችሽ ሁሉ ቢሻገሩስ?»

ትንሽ አሰበች። «አልሻገርም እላቸዋለሁ። ቆሜ እጠብቃቸዋለሁ።»

ቅዳሜ ሳይነጋ ተነስቼ ለእጅ ባትሪዋ አዲስ ድንጋይ አስገባሁላት።